ሊፍቱን በዝግታ መቆም ያስተማረው ሰው

የዚህ ታሪክ ጸሐፊ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ዓይኑን ለመታየት ጅግጅጋ ውስጥ ወዳለ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሄዶ ነበር። ሊፍቱ ሰው ጥሏል ሲባል ስለሰማ በደረጃ መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ከፊቱ አንዲት አሮጊት ግድግዳ ተደግፈው ይወጣሉ፤ ከኋላቸው ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ረጅም ሰው የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ይከተላቸዋል። ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ወንበሩን ያስቀምጥላቸዋል፤ እሳቸው ያርፋሉ፤ እሱ ቆሞ ይጠብቃል።

«ጉልበቴን ለማሳከም ጉልበቴን አራት ፎቅ አስወጣዋለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው?»

«እውነትዎን ነው ኤዶ» አለ ሰውየው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የአሮጊቷ ስም ግን ዐያን ነው።

የሚገርመው፣ የዚያን ሕንፃ ሊፍት የሚጠግነው ይኸው ወንበር ተሸካሚ ነበር። ሱጉሌ ይባላል፤ የሽንሌ ልጅ ነው። ፈጣሪ አንዳንዱን ሰው ያለ ትምህርት ቤት ያስተምረዋል። ሱጉሌም አፍደም አካባቢ የውሃ ፓምፕ ከሚጠግኑ ሰዎች ጎን ቆሞ እያየ፣ እየጠየቀ፣ አንዳንዴም ኤሌክትሪክ እየነዘረው ነው ሙያውን የያዘው። ከዚያ ይዞት የመጣው ትልቁ እውቀት አንድ ነው፤ በድንገት የሚነሳ ሞተር ቧንቧ ይሰብራል።

በ2014 ሕንፃው ውስጥ ሲቀጠር የሊፍቱ ሞተር የሚያውቀው መሮጥና መቆም ብቻ ነበር። ሲነሳ ሰውን ወደ ታች ይጫናል፣ ሲቆም ሆድ ዕቃ ያነሳል። ተሳፋሪው ስም አውጥቶለት ነበር፤ «ግመሉ» ይለዋል። ሱጉሌ ነገሩ ከንክኖት በስልኩ ሲያነብና ሲመለከት ከረመና በ2016 መባቻ የሕንፃውን ባለቤት ሐጂ ሻርማርኬን አንድ ነገር አስገዛቸው፤ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን። ይህ ሳጥን ለሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እየመጠነ፣ እንደ ጨዋ ሹፌር በዝግታ አስነስቶ በዝግታ ያቆመዋል። በስንት ሰከንድ ይነሳ፣ በስንት ሰከንድ ይቁም የሚለውን ግን ሰው ነው የሚነግረው።

ሱጉሌ መለኪያ መሣሪያ አልነበረውም። በሩ ላይ የግመል ወተት ከምትሸጠው ከማርዎ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወተት እስከ አፉ አስሞልቶ ሊፍቱ ወለል ላይ አስቀመጠ።

«ሊፍትህ ደግሞ ወተት መጠጣት ጀመረ?» አለችው ማርዎ።

«እንዳያፈስ እያስተማርኩት ነው።»

«የፈሰሰውን አንተ ትልሰዋለህ፣ ወላሂ!»

የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ፈሰሰ። ሱጉሌ የማቆሚያውን ጊዜ በግማሽ በግማሽ ሰከንድ እየጨመረ ሄደ። በአራተኛው ቀን ሳህኑ አምስተኛ ፎቅ ደርሶ ሲመለስ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ማርዎ እልል አለች፤ ግመል የሚለውም ስም ቀረ።

ስህተቱ ግን እዚያው ነበር። በሊፍቱ መውጫና መውረጃ ግድግዳ ላይ በየፎቁ ማግኔት አለ፤ ሊፍቱ በአጠገቡ ሲያልፍ ሳጥኑ «አሁን ፍጥነት መቀነስ ጀምር» የሚል ምልክት ያገኛል። ማቆሚያው ከረዘመ ማግኔቱም ከፎቁ መራቅ ነበረበት፤ ምልክቱ ቀደም ብሎ እንዲደርስ። ሱጉሌ አላራቀውም። አንድ ሳህን ወተት ለያዘ ሊፍት የነበረው ርቀት በቃ። ስምንት ሰው ግን ሳህን አይደለም። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ቀን ሊፍቱ ሞልቶ ሲወርድ ከምድር ቤቱ ወለል አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ የኤዶ ዐያን እግር ጠርዙ ላይ ተሰናከለ፤ ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ሐጂ ሻርማርኬ መጡ። ሰው ተሰብስቧል። በከተማችን ለተበላሸ ነገር ሁሉ አንድ ምክንያት አለ። ሥጋ ሸተተ፣ መብራት ነው። ደብዳቤ ዘገየ፣ መብራት ነው። ሐጂም ከደግነታቸው የተነሳ ያንኑ ምክንያት ለሱጉሌ አቀበሉት።

«መብራቱ ነው አይደል፣ ሱጉሌ?»

ሰዉ ሁሉ «አዎ፣ መብራቱ ነው» አለ። ጠዋት መብራቱ በእርግጥ ብልጭ ድርግም ብሎ ነበር፤ ሱጉሌ ራሱን በአዎንታ ቢነቀንቅ ይበቃው ነበር። ወለሉ ላይ እጃቸውን ታቅፈው የተቀመጡትን አሮጊት አየ።

«አይደለም፣ ሐጂ። መብራቱ አሁን ደህና ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። በወተት ሞክሬ ሰው ጫንኩበት።»

«ሐቅ ስለተናገርክ አላህ ይውደድህ» አሉ ሐጂ። «አስተካክለው። ግን እስከ ጥር መጨረሻ ኤዶ ዐያን ራሳቸው ካልገቡበት በሩን አስበይደዋለሁ። የወደቁት ካላመኑት ማን ያምነዋል? አንተም ያኔ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ሱጉሌ ከምድር ቤቱ ሱቅ የሩዝና የስኳር ጆንያ ተውሶ የስምንት ሰው ክብደት ጫነ። ቢስሚላህ እያለ ማግኔቶቹን አንድ በአንድ አራቃቸው። ሞልቶም ባዶውንም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አስኬደው። በቆመ ቁጥር በሆዱ ተኝቶ ጣቱን በሊፍቱና በፎቁ ወለል መገናኛ ላይ ያሳልፋል። ጣቱን ምንም ነገር እስከማያደናቅፈው ድረስ ሳምንት ፈጀበት።

ኤዶ ዐያን ግን በጄ አላሉም። «አንተማ ትገባለህ፤ ማን የራሱን ልጅ ይፈራል? ሐጂም ይገባሉ፤ ሕንፃው የሳቸው ነው። ከማሽኑ ምንም የማይጠቀም ሰው ሲገባ ልይ!» አሉት። ሌላው ሰውም እሳቸውን እያየ በደረጃው ተጓዘ። ሱጉሌ አልተከራከራቸውም። ለጉልበታቸው ሕክምና በመጡ ቁጥር ወንበሩን ይዞ ይከተላቸው ጀመር።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ከሱጉሌ የሰማው ዓይኑን ታይቶ ሲወጣ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ኤዶ ዐያንም ሕክምናቸውን ጨርሰው ከሊፍቱ በር ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ጥር ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል።

«ጋሼ፣ እኔ አላውቅዎትም» አለ ሱጉሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎም አያውቁኝም፤ የምጠይቅዎ ለዚህ ነው። አይወድቅም ብዬ አልምልልዎትም፤ የነገውን የሚያውቅ አላህ ነው። ያልለካሁት ነገር ግን የለም። እባክዎ፣ ከኤዶ ጋር አብረው ይግቡላቸው። በግራቸው በኩል ይቁሙ፤ ቀኝ እጃቸው ገና ያማቸዋል። ታች ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ እርስዎ ይውጡ።»