የቀኙ ረድፍ እንግሊዝኛ

ፒያሳ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ሰውዬ አለ። መማሪያችን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ነበር። የመጠንና የድምፅ ቃላት በሁለት ረድፍ ተደርድረውበታል፤ በግራ «ቢግ»፣ በቀኝ «ግራንዴ»፤ በግራ «ስሞል»፣ በቀኝ «ፔኬኞ»፤ በግራ «ኖይዚ»፣ በቀኝ «ሩዊዶሶ»።

«ቲቸር፣ ለአንድ ነገር ለምን ሁለት ቃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የግራው የእንግሊዝ፣ የቀኙ የአሜሪካ ነው» አለኝ፣ በድንቁርናዬ ከልቡ እያዘነ።

እኛ ጅሎቹ ሦስት ወር ሙሉ የቀኙን ሸመደድን። እንግሊዝ ማን ሊሄድ!

ባለፈው ቅዳሜ ከክፍል ጓደኛዬ ከታሪኩ ጋር እዚሁ ከተማችን ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ስንበላ አንድ ፈረንጅ አጠገባችን መጥቶ ቆመ። ታሪኩ ኮሌታውን አስተካክሎ ተነሳ። ትልቁን ዓሣ እያሳየ «ግራንዴ!»፣ ትንሹን እያሳየ «ፔኬኞ!»፣ የሚጯጯሁትን ሻጮች እያሳየ «ሩዊዶሶ!» አለ።

ፈረንጁ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ይመስል ተጠመጠመበትና ይንጣጣ ጀመር። አንድም ቃል አልገባንም። አፋችንን ከፍተን ስንቀር ጊዜ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «እኔ ከስፔን ነኝ፤ እናንተ ስፓኒሽ የት ተማራችሁ?» አለን።

ታሪኩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ አስተማሪው ላይ የሆዴን ዘረገፍኩበት። አንገቱን እየነቀነቀ በጥሞና ሰማኝ። ያፈረ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ በዚያው ሳልፍ ታፔላው ላይ «ስፓኒሽም እናስተምራለን» የሚል ተጨምሯል። ከሥሩ፣ «ምሩቃኖቻችን» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ፣ ለምዝገባ የሰጠሁት ጉርድ ፎቶዬ ተለጥፏል።