የእልፍነሽ ተወዳዳሪ

እልፍነሽ በ1995 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቷ በቅነሳ ስትወጣ ይዛ የወጣችው አንድ ያረጀ የጽሕፈት መኪና ነበር። ኮምፒውተር ገብቶ ስለነበር የፈለገው ሰው አልነበረም። ጂንካ ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም፤ አውሮፕላን ከተማው መሃል ሣር ላይ ያርፋል፤ ከማረፉ በፊት የሚግጡትን ከብቶች የሚያባርር ሰው ይሮጣል። እልፍነሽ ከመሥሪያ ቤቶቹ በር ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ለባለጉዳይ መጻፍ ጀመረች።

ብድር የፈለገ ሁሉ የንግድ ዕቅድ አምጣ ስለሚባል ሥራ አላጣችም። ወፍጮ ቤት የሚከፍተውም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ማር ነጋዴውም እሷ ጋ ይመጣል። ዕቅዱ ውስጥ «ተወዳዳሪዎች» የሚል ርዕስ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም፣ «የለም ብለሽ ጻፊልኝ» ይሏታል። አንድ ቀን ጎን ለጎን ሻይ ቤት ያላቸው ሁለት ሰዎች ተከታትለው መጡ፤ ሁለቱም ተወዳዳሪ የለም ብለው አስጻፉ። እሷም ሳቋን ውጣ ጻፈችላቸው።

የራሷ ተራ ሲደርስ ግን እንዲያ መጻፍ አልሆነላትም። ያሰበችው ዳቦ ቤት ነበር፤ በከተማው ደግሞ ሰው የሚያውቀው አንድ ዳቦ ቤት ነው፣ የጋሼ ተፈሪ። ስለዚህ ልታጠናው ወሰነች። በየማለዳው ከዳቦ ቤቱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማን እንደሚገዛ፣ ዳቦው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንደሚመለስ መመዝገብ ያዘች።

በአምስተኛው ቀን ጋሼ ተፈሪ ዱቄት የለበሰ ክንዱን እያራገፈ መጣ። ቁመተ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው።

«ከግብር ነው የመጣሽው?»

«አይደለም ጋሼ። ዳቦ ቤት ልከፍት ነው። የእርስዎን እያጠናሁ ነው።»

 ጋሼ ተፈሪ ተመልሶ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። እልፍነሽ በኀፍረት ጆሮዋ ጋለ። ቢሆንም በማግስቱ ተመልሳ እዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሚያዝያ ገባና ዝናቡ በረታ። የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠ፤ ዱቄት የጫነ መኪና ማዶ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤቱ ባዶ ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ጋሼ ተፈሪ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሰው ይመለሳል። የሆስፒታሉ አስታማሚዎች ሳይቀሩ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ረፋዱ ላይ ቀና ብሎ አያትና በእጁ ጠራት።

«ይህንንም ጻፊ» አላት። «በየዓመቱ እንዲህ ነው።»

ያን ዕለት ጓዳ አስገባት። ምድጃውን በገዛ እጁ፣ ከሸክላ ጡብና ከጭቃ ነበር የሠራው። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆኖ ካምፕ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። በ1983 ጦሩ ሲበተን በእግሩ ሲንከራተት ጂንካ ደረሰ፤ አንድ የአሪ ቤተሰብ አስጠጋው፤ እዚያው ቀረ። ይህን ሁሉ የነገራት ምድጃውን እየጠረገ፣ ፊቱን ሳያዞር ነው። ከዚያ እርሾውን አሳያት፤ የትኛው እንጨት ቶሎ እንደሚነድ፣ የትኛው ሙቀት እንደሚይዝ ነገራት። እሷም ጻፈች።

«ታዲያ ከሩቅ የሚመጣውን ዱቄት ለምን ይጠብቃሉ?» አለችው። «እናቴ አገር ደጋው ላይ ስንዴ ይዘራል እኮ።»

«ማን ያወርደዋል?» አላት።

የእልፍነሽ አባት ከወሎ የመጣ ፖሊስ፣ እናቷ አሪ ናት። ዝናቡ ጋብ ሲል የእናቷን ቋንቋ ስንቅ አድርጋ ወደ ደጋው ወጣች። ጭቃው ጫማዋን ሁለት ጊዜ አስወለቃት። ኤርጎ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ጎተራውን ከፍቶ እያሳያት፣ «ስንዴስ አለ» አላት በአሪኛ። «እስከ ዛሬ የጠየቀን ሰው የለም።» በፈረሱ አንድ ጆንያ ጭኖ እስከ ከተማ ሸኛት።

ስንዴውን አስፈጭታ ለጋሼ ተፈሪ ወሰደችለት። የመጀመሪያው ዳቦ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሊጡ ኩፍ ሳይል ቀረ። በሁለተኛው ጋሼ ተፈሪ ዱቄቱን በደንብ አስነፋ፣ እርሾውን ጨመረ፣ ሊጡንም ረዘም ላለ ሰዓት አቆየው። የወጣው ዳቦ ጠቆር ያለ ነበር፤ ሽታው ግን ጎረቤቱን ሰበሰበ። ጋሼ ተፈሪ ቆርሶ ቀመሰ። ቀጥሎ ሁለተኛ ቆረሰ። እልፍነሽ ያችን ሁለተኛ ቁራሽ ዛሬም ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል።

ዕቅዷን ስታስገባ ሕዝቅኤል የሚባለው ወጣት የብድር ሠራተኛ ስለ ተወዳዳሪ የጻፈችውን ሁለት ሙሉ ገጽ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ተወዳዳሪዎን እንዲህ ካመሰገኑትማ ብድሩን ለእሱ እንስጥ?»

«የጻፍኩት ያየሁትን ነው» አለችው። «የእሱ ዳቦ ከእኔ ይሻላል። ግን ረፋድ ላይ ያልቃል፤ የታችኛው ሰፈር ሰው አይደርሰውም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም ዳቦ የለንም። እኔ የምሠራው እዚያ ላይ ነው።»

ሦስት ሳምንት አስጠበቃትና ተፈቀደላት። ዳቦ ቤቷን ከገበያው በታች ከፈተች። ምድጃዋን የገነባላት ጋሼ ተፈሪ ነው፤ ጭቃውን የረገጡት አብረው ነበር። በቀጣዩ ሚያዝያ ወይጦ ሲሞላ ሁለቱም በሮች ክፍት ነበሩ፤ የኤርጎ ፈረስ በሳምንት ሁለቴ ይወርዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ የመጡ የበና ብሔረሰብ ሴቶች ትኩሱን ዳቦ በቅጠል ጠቅልለው ይወስዱ ነበር።

እሑድ ከቸርች መልስ ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ተቀምጠው ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ያያሉ። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ያኔ ጓዳዎ ለምን አስገቡኝ?» ብላ ጠየቀችው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ ዳቦ አለ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ» አላት። «እንዴት እንደምጋግር ማንም አልጠየቀኝም ነበር።»

ጋሼ ተፈሪ በ2006 አረፈ። ቦታው ላይ ዛሬ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ ዳቦ ቤት በየመንገዱ ነው፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ ይጋግራል፤ እልፍነሽም ልጇ ስለጎተጎተቻት የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝታለች። ዳቦው ያምራል፣ እኩል ይበስላል። እሷ ግን ማለዳ ዳቦ ቤቷን ስትከፍት ቀድሞ የሚናፍቃት የጋሼ ተፈሪ ምድጃ ጭስ ነው፤ ከላይኛው ሰፈር ሲነሳ እያየች፣ «ጋሼ ዛሬ ቀደመኝ» ትል የነበረበት ጭስ።