አምስተኛው ክምር

ከአዳማ ወደ ቆቃ ተመድቤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ማስተማር ስጀምር፣ በሥልጠና የሰማሁትን የቡድን ሥራ ልሞክር ቆርጬ ነበር። ልጆቹን አምስት አምስት አድርጌ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። የበቆሎ ፍሬ አድላቸዋለሁ፣ ጥያቄውን እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። መልሱን ተነጋግረው ራሳቸው ነው የሚደርሱበት። ከሁሉም የከበደኝ ያ ዝም ማለቱ ነበር።

መስኮቱ ሥር በተቀመጠው ቡድን ውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። መልሱን ቀድማ ብታገኘውም አትናገርም፤ ጓደኞቿ እስኪደርሱበት ትጠብቃለች። በዓመቱ አጋማሽ እረፍት ከአጎቷ ጋር የቆቃን ሐይቅ ሲሻገሩ ጀልባቸው ተገለበጠች። አጎቷ ተረፈ። እሷ አልተገኘችም።

ትምህርት ሲቀጥል የቀሩትን አራቱን ወደ ሌሎች ቡድኖች ልደለድላቸው አሰብኩ። ከመካከላቸው አንደኛዋ መጥታ አብረን ብንሆን ይሻለናል ስትለኝ ተውኳቸው።

ማካፈል የጀመርን ዕለት ለየቡድኑ ሃያ አራት ፍሬ ሰጥቼ እኩል ተካፈሉ አልኩ። አራቱ ስድስት ስድስት ደርሷቸው ምንም መትረፍ አልነበረበትም። ሄጄ ሳይ ግን አምስት ክምር ሠርተዋል። አምስተኛው ባዶ የቀረው የልጅቷ ወንበር ፊት ነበር። ቀሪ አራት ብለውም ጽፈዋል። ሐዘናቸው ነው ብዬ ሳላርማቸው አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ማየት የማልፈልገውን ማየት ጀመርኩ። ሲከራከሩ ቆይተው አራቱም ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ወደ ባዶው ወንበር ይዞራሉ። ጥቂት ቆይተው፣ እሺ እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መጻፍ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የቀረውም ክፍል ጸጥ ይላል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ብቻ ይሰማል።

ከሁለት ሦስተኛና ከሦስት አራተኛ የቱ ይበልጣል ብዬ የጠየቅኩ ቀን፣ ሌሎቹ ወረቀት እያጠፉ ሲለኩ እነሱ ምንም ሳይነኩ ጨረሱ። ሦስት አራተኛ ይበልጣል፣ ሙሉ ለመሆን የሚጎድለው ያንሳልና ብለው ጽፈዋል። ይህን መንገድ አላስተማርኳቸውም። ማን እንዳገኘው ስጠይቃቸው ባዶውን ወንበር አዩ።

"እሷ ነገረቻችሁ?" አልኳቸው።

"አልነገረችንም፣ ቲቸር" አለች አብረን እንሁን ያለችኝ ልጅ፣ ረጋ ብላ። "ጠየቀችን። የጎደለው ስንት ነው አለችን።"



ቅዳሜ የጠፋችው ልጅ እናት ቤት ሄድኩ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ስለ ወንበሩ አላነሳሁባቸውም፤ ልጃቸው ቤት እንዴት ታጠና እንደነበር ብቻ ጠየቅኳቸው። ታናናሾቿን ታስጠና እንደነበር ነገሩኝ።

"መልሱን አትነግራቸውም" አሉኝ። "የጎደለው ስንት ነው እያለች ታደርቃቸው ነበር እንጂ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ምነው መምህርት፣ ክፍል ውስጥ የሰሙት ነገር አለ?"

የለም አልኩ።

"እኛም ቤት ዝም አላለችም" አሉ፣ ዓሣቸውን ማጽዳት ሳያቆሙ።

ከዚያ በኋላ በአራቱ ልጆች መካከል ገብቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ለጎደለው ክፍል ባዶውን እንድሰጥ ቢጠይቁኝም፣ ሰበብ ፈጥሬ አስቀረሁት።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ወላጆቿ የሽንኩርት ማሳ ላይ ይሠሩ የነበሩ አንዲት ልጅ ከዓለም ጤና ከተማ ተዛውራ መጣች። የት ላስቀምጣት እያልኩ በር ላይ እንደያዝኳት አራቱ ተነሡ። እጇን ይዘው ወሰዷትና እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ማንም አላዘዛቸውም። አማርኛ ገና ስለማይቀናት በኦሮምኛ አስረዷት፤ እሷም ከፊቷ የተከመረላትን ፍሬ ቀስ ብላ መቁጠር ጀመረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ጸጥታ ቆመ። እፎይ ማለት ነበረብኝ። በዚያው ሳምንት ከባድ ጥያቄ ሰጥቻቸው አምስቱ እንደማንኛውም ልጅ አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ሲንጫጩ ሰማሁና፣ ከክፍሉ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ቆሜ አለቀስኩ።