ድምፅ አልባው ጎማ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጠጠር ላይ ነው። ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅና በግንደወይን በኩል ሞጣ የሚገባውን መንገድ፣ አስፋልት ይመጣል ብሎ ማንም ባላሰበበት ዘመን፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር ድንጋይ እየፈለጥኩ ጠጠር አልብሼዋለሁ። ማንበብ የተማርኩትም እዚያው ነው። መጀመሪያ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ፊደል አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ፣ በኋላ ደግሞ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይዘውት በሚመጡት መጽሐፍ። አስተማሪ ቆሞብኝ አያውቅም። ስለዚህም ይመስለኛል፣ ሰው አንድን ነገር አውቀዋለሁ የሚለው በእጁና በእግሩ ሲያውቀው ነው የሚል እምነት አለኝ። መንገድም ለሚሄድበት ሰው ሊሰማው ይገባል። ሳይሰማው የሚያልፍ ሰው የሠሪውን ድካም አያውቅም። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ኖሬያለሁ፤ አብዝቼም ሊሆን ይችላል።

ታላቁ ልጄ ሞጣ የሂሳብ መምህር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት ቢቸና ወዳለው ቤታችን ይመጣል። ጠባብና ጠንካራ ጎማ ጠጠር ላይ ሲሄድ፣ ሽምብራ በቆርቆሮ ላይ ሲበተን የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። እኔ ያንን ድምፅ ጓሮ ሆኜ ከሩቅ እለየዋለሁ። ስሰማው ሄጄ በሩን እከፍታለሁ። በቤታችን ልማዱ ይኸው ነበር፤ ልጁ አያንኳኳም፣ እኔም ማነው ብዬ አልጠይቅም።

አንድ ቅዳሜ አጥር ሳጠብቅ ከጀርባዬ፣ «እንደምን ዋሉ፣ አባባ» የሚል ድምፅ መጣ። መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ብስክሌቱን ይዞ አጠገቤ ቆሟል፤ ከየት እንደመጣ አልሰማሁም።

ዓይኔን ወደ ታች ሳደርግ ጎማው ሌላ ነው። ሰፊ፣ ወፍራም፣ ጎኑ ቀላ ያለ ጎማ። በአውራ ጣቴ ብጫነው ገባ።

«ተንፍሷል» አልኩት።

«አልተነፈሰም። እንዲህ ሆኖ ነው የሚነዳው።»

«እንዲህ ሆኖማ የሚነዳው ሰነፍ ነው።»

ሳቀና ጎኑን ይዞ አሳየኝ። ከላስቲኩ ሥር ያለው ክር እንደ ነጠላ የሳሳ ነው አለ። አየሩ ስለማይበዛ ጠጠሩ ሲመታው ጎማው ይውጠዋል፣ አልፎት ይሄዳል፣ እጅና ወገብ ምንም አይሰማቸውም። አዲስ አበባ ከውጭ በሰው እጅ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ አለ፤ ከእሱ ነው የገዛው። ዋጋውን ስጠይቀው ወዲያ ወዲህ አለና በመጨረሻ ነገረኝ።

«በዚህ እኮ በሬ ይገዛል» አልኩ።

«በሬ ሞጣ አያደርሰኝም፣ አባባ።»

«ስለዚህ የእኔን ጠጠር ላለመስማት የበሬ ዋጋ ከፈልክ።»

ይህን ስል ሳቁን ተወ። ብስክሌቱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ «ጠጠሩ አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻ አይመታኝም።»

መንገደኛው ሁሉ ከእኔ የተለየ ሐሳብ አልነበረውም። በየመንደሩ፣ «ጎማህ ተንፍሷል!» እያሉ ይጮሁበት ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ የቅኔ ተማሪ አዝኖለት ለመንገር ሲሮጥ ጫማው ወልቆ እንደቀረ ልጄ እየሳቀ ያወራልን ነበር። ማስረዳቱ ሲሰለቸው፣ «እሺ፣ ሞጣ ስደርስ አስነፋዋለሁ» እያለ ያልፋቸዋል። ሞጣ ያሉትን ደግሞ፣ «ቢቸና ስደርስ» ይላቸዋል።

የተቸገረችው እናቱ ናት። ምስር እየለቀመች እያለ ድንገት ራሷ ላይ ሲቆም ሰፌዱን ደፋችው። «እንደ ሌባ ነው እንዴ የምትገባው? የሚጮህ ነገር አድርግበት» አለችው። በሳምንቱ ትንሽ የነሐስ ደወል መሪው ላይ አስሮ መጣ። ባሕር ዛፉ አጠገብ፣ መንገዱ ወደ እኛ ቤት በሚታጠፍበት ጥግ ሲደርስ ሁለቴ ያቃጭላል። እኔም በሩን እከፍታለሁ። ልማዱ ተመለሰ።

ልጄ ሞጣ በአጭር ሕመም ሞተ። ጎማው ገድሎት ቢሆን ኖሮ ጎማውን እጠላው ነበር፤ የምጠላው ነገር ማግኘትም ለሰው አንድ ነገር ነው። ግን አልጋ ላይ ነው የሞተው፤ ብስክሌቱ ደጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አስከሬኑን ያመጣው መኪና ብስክሌቱንም ጣሪያው ላይ አስሮ አመጣው። መኪናው በራችን ላይ ሲቆም ጎማዎቹ በነፋስ ይዞሩ ነበር። የሰው ሁሉ ዓይን ሣጥኑ ላይ ነበር፤ የእኔ ዓይን ግን ጎማዎቹ ላይ እንደነበረ አልደብቅም።

በአገራችን ልማድ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ወይም በቅሎው ይጫንና፣ ልብሱ ከላዩ ተደርጎ፣ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ በለቅሶው መካከል ይዞራል። ልጄ ፈረስ አልነበረውም። የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ብስክሌቱን ከግድግዳው አነሣና «ፈረሱ ይኸው ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። የልጄን ጃኬት መሪው ላይ አለበሰው። ከዚያ ደወሉን አየና፣ የሟች በቅሎ ቃጭል አይሰማም ብሎ በመፍቻ አስፈታው። ለእኔ ሰጠኝ። ኪሴ ከተትኩት።

ሽማግሌው ብስክሌቱን እየገፋ በለቅሶው መካከል ዞረ። የፈረስ ኮቴ ለሙሾው ምት ይሰጠዋል፤ አልቃሿ በኮቴው ላይ ነው የምትገጥመው። ብስክሌቱ ግን ምንም አልሰጠም። በደረቁ መሬት ላይ፣ በጭድና በጠጠሩ ላይ፣ ጃኬቱን ለብሶ ዝም ብሎ ሄደ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እናቱ ብቻ ጎማውን በዓይኗ ትከተለው ነበር።

በአርባው ልብሱን ለንስሐ አባታችን ሰጠን። ብስክሌቱንም እንዲወስዱት ለመንናቸው። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ላይ ልውጣ? እህቱ ትንዳው፤ ለነፍሱ እሱ ይሻለዋል» አሉ። ጃኬቱንም ለእሷ መልሰው ሰጧት።

ሳትወስደው በፊት እኔ አንድ ጊዜ ወጥቼበታለሁ። ሰው እንዳያየኝ ከሰዓት በኋላ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ ከከተማው ወጥቼ ወደ ድልድዩ የሚወርደውን መንገድ ያዝኩ። ያንን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። የትኛው ቦታ ጥቁር ድንጋይ እንዳለው፣ የትኛው በክረምት እንደሚቦረቦር፣ የትኛው ጋ ጣቴን እንደቀጠቀጥኩ። መሪውን ጨብጬ ምቱን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጠጠሩ ከሥሬ ሲያልፍ በዓይኔ አየዋለሁ፣ እጄ ግን አይነግረኝም። በደረቅ ዳቦ ላይ እንደሚያልፍ እጅ ያለ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። ሜዳው ላይ ስደርስ እግሬን አቆምኩ። ብስክሌቱ ግን አልቆመም፤ ይቆማል ካልኩበት አልፎ፣ አንድ ሰው ከኋላ ቀስ ብሎ እንደሚገፋው ሆኖ ሄደ። ዞሬ አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው።

ልጄ ከሞጣ እዚህ ድረስ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚመጣው። ደስ አለኝ። ወዲያውም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጄ፣ ማለቴ ሴቷ፣ እሷም ሞጣ ነው የምትሠራው፤ አዋላጅ ነርስ ናት። አሁን አሁን መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ መኪና አለ ተብሎ አይታመንም። ብስክሌቱ ግን ያልፋል። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ብርድ ስለነበር ጃኬቱን ለብሳ መጣች። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከባሕር ዛፉ ጥግ ጃኬቱና ብስክሌቱ ያለ አንዳች ድምፅ ብቅ አሉ።

ሚስቴ፣ «መጣህ?» አለች።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጥ ጀመር። ልጅቱ ጃኬቱን ተወችው፤ ለውጥ የለም። እናቷን የሚያስደነግጣት የጎማው ዝምታ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ፣ «ልጄ፣ ወይ እየጮህሽ ነይ፣ ወይ አትምጪብኝ» አለቻት።

«እየጮህኩ ከተማ ብገባ ሰው ምን ይለኛል፣ እማዬ?»

«የገበያውን ጎማ አስገቢበታ። ጠንካራውን። እሱ ከሩቅ ይሰማል።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅቱ እጆቿን ሞሰቡ ላይ ዘረጋች። «ሞክሬዋለሁ፣ አባባ። ግንደወይን ድረስ ነዳሁበት። ማታ ተረኛ ነበርኩ፤ ጣቶቼ ደንዝዘው የሕፃኑን እትብት ማሰር አቃተኝ። ሌላ ሰው ጠርቼ አሳሰርኩ። ይህን ጎማ የምነዳው ለድሎት መሰለዎት?»

መንገድ ሊሰማ ይገባል ስል የኖርኩት፣ በእጁ ሌላ ሥራ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን ሳላስብ ነው።

«ደወል ነበረው እኮ» አለች። «የት ገባ? ሞጣ ፈልጌ ያገኘሁት የባጃጅ ጥሩንባ ብቻ ነው። ያንን ባደርግበት እማዬን ጨርሼ እገድላታለሁ።»

እናቷ ትንሽ ፈገግ አለች። እኔ አልዋሸሁም፤ ግን አልነገርኳትም። ደወሉ በዚያች ሰዓት በለበስኩት ኮት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጣቴም እሱ ላይ ነበር።

ሚስቴ የምትፈራው ዝምታውን ነው። እኔ የምፈራው ደወሉን ነው። ከጥጉ ሁለቴ ሲያቃጭል ከሰማሁ እነሣለሁ፤ ተነሥቼ በሩን ስከፍት እሱ አይሆንም። ዝም ካለ ግን፣ ያ ጎማ ሳይሰማ ነው የሚመጣው፣ ምንም ባለመስማቴ ብቻ ልጄ በመንገድ ላይ ነው ማለት እችላለሁ። ይህ የአንድ አዋቂ ሰው ሐሳብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላው እንዲህ ሲያስብ ብሰማ እገሥጸው ነበር።

ልጅቱ ሞሰቡን እያነሣች፣ «እንግዲህ እማዬን እንዲህ እያደረግሁ አልመላለስም። ክረምቱ ይውጣና እናያለን» አለች። እናቷ አትቅሪ አላለችም። አንዱ ልጅ እንደማይመጣ አልቀበልም ስል፣ የምትመጣዋ ልትቀርብን ነው።

ጠዋት ልትሄድ ሻንጣዋን ስታስር፣ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እኔ መጀመሪያ ቀን እንዳደረግሁት። መፍቻ ይዤ ወጣሁና ደወሉን ከኪሴ አውጥቼ መሪው ላይ፣ ቀለሙ በተላጠበት በድሮ ቦታው አሰርኩት። ልጅቱ አየችኝ።

ሚስቴ ከደጃፉ ሆና፣ «አንቱ ጋ ነበረ?» አለች።

«እኔ ጋ ነበር።»

ልትቆጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ ብቻዬን የምጠብቀው መስሎኝ ነበር» አለች።

ልጅቱ መሪውን ይዛ፣ «ስንቴ ላቃጭል?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ ሁለቴ ነበር» አልኩ።

«አንቺ አንዴ አድርጊው» አለች እናቷ። «አንዴ ብቻ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስቴ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ጓሮ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ መረሬው ጭቃ ጎማውን ይዞባት ይሆናል፣ ላትመጣም ትችላለች እያልኩ አጥሩን ያለ ምክንያት እነካካለሁ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ደወሉ ከባሕር ዛፉ ጥግ አቃጨለ።

ሁለተኛውን ጠበቅሁ። መዶሻውን እንደያዝኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። አልመጣም።

መዶሻውን አስቀመጥኩና ሄጄ በሩን ከፈትኩላት።