ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ዋንጫችን

አምቦ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም ሳልቆይ የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስጠሩኝ። ከረባት ከአንገታቸው የማይለይ፣ ኳስ ሲንከባለልባቸው ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ዞር የሚሉ ሰው ነበሩ።

«ቲቸር፣ አካም ጅርታ? ተቀመጪ። ዓለም አቀፍ ውድድር ልናዘጋጅ ነው።»

«የምን ውድድር?»

«እሱን አንቺ ምረጪ። እግር ኳስ ግን አይሁን፤ እግር ኳስማ ሁሉም ያዘጋጃል።»

ኮሌጅ ሳለሁ ቅርጫት ኳስ እጫወት ስለነበር ሳላስብ «ቅርጫት ኳስ» አልኩ። በከተማው አንድም የቅርጫት ኳስ ሜዳ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሜዳው በጥድፊያ ተደለደለ። ብየዳ ቤት ያለው ሰውዬ ከፌሮ ቀለበት ሠራልን፤ የኳሱን ስፋት ስላልነገርነው ግን ኳሱ አላልፍ አለ። ድጋሚ ሲሠራው በርሜል የሚያሳልፍ ሆነ። ኃላፊው ሰፊውን መረጡ። «ሕዝቡ ጎል ማየት ይፈልጋል» አሉ።

ከጊንጪ የመጣው ቡድን ከደንዲ ገጠር የተሰበሰቡ ረጃጅም ጎረምሶች ነበሩበት። ሁሉም የመረብ ኳስ ተጫዋቾች በመሆናቸው ኳሷ ወደ እነሱ በመጣች ቁጥር በጥፊ መትተው ይመልሷታል። የእንጭኒዎቹ በአይሱዙ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። ውድድሩን ዓለም አቀፍ ያደረጉልን ግን በአካባቢው መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ከነሥራ ቦቲያቸው ከመኪና ሲወርዱ አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ትክ ብለው አዩአቸውና፣

«ዓለም ማለት እነዚህ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ የማሠለጥነው የአምቦ ቡድንና ቻይናዎቹ ለዋንጫ ደረስን። በጨዋታው ቀን ጠዋት ኃላፊው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ቲቸር፣ እንግዳ አገራችን መጥቶ አይሸነፍም። አስፋልቱን እስከ ሆስፒታሉ እንዲያደርሱልን እየለመንናቸው ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። ለተጫዋቾቼም ነገርኳቸው። ሌሎቹ እሺ ሲሉ አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ጤና ረዳት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጥ ተጫዋቼ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቸርች የሚዘምር።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው። እኔ በውሸት አልጫወትም።»

«እንግዲያው በእውነት ሳት» አልኩት። እንዲህ ማለቴ እኔኑ ራሴን አሳፈረኝ፤ ግን ምን ላድርግ።

ያላወቅነው ነገር፣ የቻይናዎቹም አለቃ ሠራተኞቹን በዚያው ጠዋት ሰብስቦ «የከተማውን ሰው እንዳታሸንፉ» ብሏቸው ኖሯል። እነሱም ጠጠር የሚያወጡበትን ቦታ ከከተማው እየለመኑ ነበር። ይህንን አስተርጓሚያቸው የነገረኝ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። አንዱ ቻይናዊ ኢንጂነር ኳስ ይዞ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ደረሰ። ቀና ብሎ ቀለበቱን አየና ዞሮ ኳሱን በሁለት እጁ ለእኛ ተጫዋች አቀበለው። የእኛውም አመስግኖ መለሰለት። ሰዉ ደንቡ እንደዚያ መስሎት ያጨበጭባል። ከጎኔ የተቀመጠች የሒሳብ አስተማሪ፣

«ቅርጫት ኳስ እንዲህ ነው እንዴ? ደስ ሲል! ጭቅጭቅ የለበትም» አለች።

ዜሮ ለዜሮ ሊያልቅ ሲል ኳሱ የዚያ ጤና ረዳት እጅ ላይ ወደቀ። ቻይናዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ። «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ሲል ሰማሁትና ከመሀል ሜዳ ወረወረው። ገባ።

መጀመሪያ የጮኹት ቻይናዎቹ ናቸው። ተሯሩጠው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ኃላፊው ፊታቸው አመድ መስሎ «አንቺ፣ ጉድ አደረግሽኝ!» ሲሉኝ የቻይናዎቹ አለቃ ከኋላ መጥቶ እጃቸውን ይዞ በደስታ ይነቀንቃቸው ጀመር። አስፋልቱም ሆስፒታሉ ድረስ ገባ፤ ጠጠሩም ተፈቀደ። በዓመቱ ሪፖርት ላይ አስፋልቱ «በስፖርት የተገኘ ውጤት» ተብሎ ሲነበብ ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን።

በቀጣዩ ዓመት መንገዱ አለቀና ቻይናዎቹ ሄዱ። ኃላፊው ሌላ ዓለም ፍለጋ ገቡ። በመጨረሻ እንግሊዝኛ ለማስተማር በፈቃደኝነት የመጣች አንዲት ፈረንጅ አገኙ። ልጅቷ ኳስ ነክታ እንደማታውቅ ብትናገርም፣ ከእኔ ቡድን አራት ተጫዋቾች ተበድረውላት «የዓለም ቡድን» የሚል ማሊያ አለበሷት። ገና በጅምሩ ኳስ አፍንጫዋን መታትና ዓለም ተቀይራ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ፈረንጅ የሚባል ጠፋ። ኃላፊውም አድገው ወደ ዞን ሄዱ። ውድድሩን ግን ሰርዣለሁ ያለ ሰው የለም። ኮሚቴው ተሰብስቦ «ለጊዜው ተራዝሟል» አለና ሻይ ጠጥተን ተበተንን።

ሜዳው ግን አልቦዘነም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሴት ተማሪዎቼ እዚያ መጫወት ጀምረው ነበር፤ በዚያ አቧራ ላይ እየወደቁ፣ እየተነሱ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተሰዳደቡ። ከመካከላቸው ሦስት አራቱ በእርግጥ ጎበዞች ነበሩ። አንድ ቀን ስንደርስ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። የስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሊሠራበት ነው ተባለ።

አዲሱ ኃላፊ ዘንድ እየተቆጣሁ ሄድኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ቲቸር» አሉኝ፣ «ስፖርትም እኮ የሚመራው ከቢሮ ነው።»

ልጆቹን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተመለስኩ። ሁለት ባሕር ዛፍ መሀል መረብ ወጥረን መረብ ኳስ ጀመርን። እነሱ ወዲያው ለመዱት፤ እኔ ግን እስከዛሬም አልወደድኩትም።