መርፌ ያልላኩት የኔታ

ደባርቅ ውስጥ ጋሽ አሻግሬን የማያውቅ ጠመንጃ የሌለው ሰው ብቻ ነበር። ጠመንጃ የሌለው ሰው ደግሞ የት ይገኛል! ከበየዳ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ የተበላሸ ጠመንጃውን አቅፎ እሳቸው ደጅ ይቀመጣል። ጋሽ አሻግሬ ከቆሎ ተማሪነት ጠፍተው ወታደር የሆኑ ሰው ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ አሥመራ ሳሉ ዎከር የሚባል አሜሪካዊ የመሣሪያ ጥገና አስተማራቸው። ታዲያ ዎከር አይሉትም፤ «የኔታ» ነው የሚሉት። ፈረንጅ የኔታ! እኛ አስተማሪዎቹ እንስቅባቸው ነበር።

በ1969 አሜሪካ መሣሪያ መላክ አቆመች ተባለ። ኤም ዋን የሚባለው የሚሊሺያው የአሜሪካ ጠመንጃ ሁሉ መለዋወጫ አጣ። በዚያው ሰሞን የጋሽ አሻግሬ አንድ ልጅ ዋሴ ለሚሊሺያ ተመለመለ። የደረሰው ጠመንጃ ግን ጥይቱን የምትመታው መርፌው ተሰብራለች። አባትየው ከማረሻ ብረት ሞርደው ሌላ ሠሩለት፤ ሦስቴ አስተኮሰችና በአራተኛው ጎበጠች።

እንግሊዝኛ ስለማስተምር ወደ እኔ መጡ።

«አገርነሽ፣ ለየኔታ ጻፊልኝ። ልጄ ሊዘምት ነው፤ አንዲት መርፌ ይላኩልኝ በያቸው።»

«ጋሽ አሻግሬ፣ አገሮቹ እኮ ተጣልተዋል!»

«አገር ይጣላል። የኔታ ተማሪውን ይከዳል እንዴ?»

አንጀቴን በሉት። በዚያ ዘመን ለኢምፔሪያሊስት ደብዳቤ መጻፍ የት እንደሚያደርስ እያወቅሁ ጻፍሁ።

መልሱ በአራት ወሩ መጣ። ዋሴ ገና ዳባት ሥልጠና ላይ ነበር።

«ውድ አሻግሬ፣ ወደ እናንተ አገር መላክ ተከልክሏል። እኔም ከወታደርነት ወጥቼ ያችኑ መርፌ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬአለሁ። በከተማችን የብረት ማቅለጫው ተዘጋ፣ የጫማ ፋብሪካው ተዘጋ፤ የቀረን የጦር መሣሪያው ብቻ ነው። እሱም ሊቆም ሲል ባለቤቶቹ የምክር ቤት ሰዎቻችንን ለምነው ለጎረቤቶቻችሁ እንዲሸጥ አስፈቀዱ። እኛም በደስታ ጨፈርን። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ነው። ይቅር በለኝ።»

እኔ እኮ ጠቡ የሶሻሊዝምና የካፒታሊዝም ነው ብዬ ሳስተምር የኖርሁ ሰው!

«እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት።

«ጨፈርን ይላል?»

«ይላል።»

«የኔታ?» አሉና ሌላ መርፌ ሊሞርዱ ተነሡ።

ዋሴ ያባቱን የማረሻ መርፌ ይዞ ሊማሊሞን ወረደ። በሳምንቱ ሬሳው በካሚዮን ተጭኖ መጣ። ጓደኛው ሻረው እያለቀሰ ነገረን፤ ከድንበር ማዶ ከመጡ ሸማቂዎች ጋር ሲገጥሙ የዋሴ ጠመንጃ ከሸፈ፤ ደግሞ ቢስብ አሁንም ከሸፈ። ገዳዩን ሻረው ጥሎ ጠመንጃውን ማርኮ አምጥቷል። እሱም ኤም ዋን ነው። ጋሽ አሻግሬ ተቀብለው እዚያው ሬሳው አጠገብ ፈቱት። የወጣችው መርፌ አዲስ ነበረች፤ የፋብሪካው ቅባት እንኳ ገና አልለቀቃትም። ኧረ በሥላሴ! የዎከር ደብዳቤ ትዝ አለኝ።

በእኛ አገር የዘማች ቀብር ያለ ተኩስ አይሆንም። ሰዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሡ ጋሽ አሻግሬ እየሮጡ መሀላቸው ገቡና አፈሙዙን አንድ ባንድ በእጃቸው ወደ መሬት ይጫኑት ጀመር።

«በልጄ ቀብር አንዲት ጥይት እንዳትተኮስ!» ብለው ጮኹ። «ይቺን ስትጨርሱ ሌላ የምትገዙት ከነዚያ ከጨፈሩት ነው!»