መስኮት የማይታይበት ዓሣ

የሰፈሩ ሰው ዓሣ ቀቢው ይለዋል። ጣት የሚያካክሉ ዓሣዎችን ከእንጨት እየጠረበ፣ ቀለም እየቀባ፣ መንጠቆ እየሰካ ለአጥማጆች ይሠራል። ትልቅ ዓሣ ሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣ መስሎት ሲጎርሰው ይያዛል። “ዓሣን መብላት በብልሃት ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ዓሣን ማብላት በብልሃት ነው የምለው” ይላል።

ብልሃቱ ያለው የመጨረሻው ቅብ ላይ ነው፤ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ። የሐይቁ ውሃ ጥርት ያለ ነው። የሚያብለጨልጭ የእንጨት ዓሣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ይፈነጥቅና ትልቁን ዓሣ ያስበረግገዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ቅብ፣ ቫርኒሹ፣ መፍዘዝ አለበት። የሚያፈዘው ቫርኒሹ ውስጥ ያለ የላመ ነጭ ዱቄት ነው፤ ዝም ከተባለ ቆርቆሮው ሥር ይዘቅጣል። ሳይማሰል የተነከረ ዓሣ ያብረቀርቃል፤ ከሥር በተጨለፈ የተቀባ ደግሞ አመድ ላይ የተንከባለለ ይመስላል። ቆርቆሮውን መናጥም አይሆንም፣ አረፋው ቅቡ ላይ ይቀራል። በጠፍጣፋ እንጨት፣ ከሥር ወደ ላይ፣ ሕፃን እንደማባበል ነው። ዱቄቱ እንደ ጉም ሲነሣ ማየት ብቻውን ያስደስታል።

ሲደርቅ ፈተና አለው። ቀቢው ዓሣውን ወደ መስኮቱ ይይዝና ሆዱን ያያል። መስኮቱ ሆዱ ላይ ትንሽ ሆኖ ከታየ ገና ነው፤ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ይታሽና እንደገና ይቀባል። ካልታየ አለቀ። ከዚህ ፈተና ሌላ አያምንም።

ባለፈው ክረምት ሥራው ሁሉ ሰመረለት። አንድም ዓሣ ላይ መስኮት አልታይ አለው።

“አሁን ገና ሥራው እጄ ገባ” አላት ሚስቱን።

“እስከዛሬ ማን እጅ ነበር ታዲያ?” አለችው፤ ተሳሳቁ።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም አጥማጅ ነው፤ አዲስ ዓሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው በእሱ እጅ ነው። አንድ ቀን የወሰዳቸውን በከረጢት መልሶ አመጣ።

“ጋሼ፣ እነዚህ ሠርግ ተጠርተዋል እንዴ? አንዱን ይዤ ጢሜን ልላጭበት ምንም አልቀረኝ።”

ቀቢው አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያዘ። “የታል? ምንም የለበትም እኮ።”

አጥማጁ ጎንበስ ብሎ አየ። እህቱ ከባሏ ጀርባ ሆና ዝም በል እያለች በዓይኗ ጠቀሰችው።

“ጋሼ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “የመጋረጃው እጥፋት ሳይቀር ይታያል።”

ቀቢው የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ የተነገረው አጭር ነው። በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል። የሄደው አይመለስም፤ የታዘዘለት የዓይን ጠብታ የቀረውን ካቆየ ጥሩ ነው። ለካ ዱቄቱ ከሥር መነሣት አለመነሣቱን ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ሲያማስል የነበረው በልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ በአውራ ጣቱ መሥራት ጀመረ። ይህም የሚገርም ነው። የፈዘዘ ቅብ ጣትን ደረቅ አድርጎ ይይዛል፤ የሚያብለጨልጭ ግን ያንሸራትታል፣ እርጥብ ጣት ሲታሽበትም ሲጥ ይላል። ጣት ግን ከቅቡ በታች ያለውን አያውቅም። ቅቡ ነጥቶ ቀለሙን ይሸፍነው፣ የዓሣው ዓይን ከቦታው ይሽሽ፣ አይነግረውም። አጥማጁ የተሰጠውን እያመሰገነ ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀለደም። ቀቢው ከሁሉም ይህን አስተዋለ።

አንድ ከሰዓት ሚስቱን ጠራት።

“እስቲ ዓይንሽን አውሺኝ። መስኮት አለበት?”

ዓሣውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ሆዱን አገላብጣ አየችው።

“የለበትም። ጥሩ ሆኗል።”

ተቀበላትና አውራ ጣቱን በምራቅ አርጥቦ ሆዱን አሸው። ሲጥ አለ። እሷም ሰማች።

“ጥሩ ነው” አለ፤ ዓሣውን ከሌሎቹ ጎን ሽቦው ላይ ሰቀለው። እስከዛሬ፣ ነገ መልሶ ስለሚከፍተው፣ የቫርኒሹን ቆርቆሮ በላስቲክ ብቻ ነበር የሚሸፍነው። አሁን ክዳኑን በዳበሳ ፈልጎ ገጠመውና ዙሪያውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው።